የአሥራ አራተኛው ዛፍ ቀዳዳ

«ሰማሽ ወይ?» አለች ጎረቤቲቱ፣ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች። «ፓርኩ ውስጥ አንዱ ሚስቱን አስገብቶ በጭቃ መርጎባታል አሉ። ጣት በማታስገባ ቀዳዳ ነው የሚያበላት። ወር ሊሆናት ነው እኮ! ይሄ ነው ቅናት!»

ወሬውን የለቀመችው ከግድግዳው ማዶ ነው። የፓርኩ አትክልተኛ ለእህቷ በስልክ ስታወራ ጎረቤቲቱ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን ከራሷ ሞላች። ወሬ ደግሞ እግረ ረጅም ነው። ከአንሶላው ገመድ ሱቅ ገባ፣ ከሱቅ ፀጉር ቤት ደረሰ። ፀጉር ቤት የፓርኩ አለቃ ሚስት ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጣ ነበር። እዚያ ጋ አለቀለት።

ነገሩ ግን የባልና የሚስት ጠብ አልነበረም። አትክልተኛዋ እዚያ ፓርክ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሦስት አለቃ ሸኝታለች፤ አራተኛው ይሄ የአሁኑ ነው። ሰውየው ንጹሕ ነገር ይወዳል፤ የረገፈ ቅጠል ሲያይ ራሱን ያመዋል። በመጣ በወሩ «የአሮጌዎቹ ዛፎች ቀዳዳ በሙሉ በሲሚንቶ ይደፈን፤ የጎብኚ ዓይን ያስቀይማል» ብሎ አዘዘ።

ትእዛዝ ነው፣ ምን ታድርግ? ዛፎቹን በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፈችባቸው። እያንዳንዱን ቀዳዳ በባትሪ እያየች፣ ባዶ መሆኑን እያረጋገጠች፣ ግንበኛውን እያስከተለች አሥራ ሦስቱን አስደፈነች። አሥራ አራተኛው ዛፍ ጋ ስትደርስ ግን ሌላ ሰው የቀደማት መሰለ። ቀዳዳው በጭቃ ተመርጓል። መሃሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች። ባትሪውን ብታበራ ከስንጥቋ ውስጥ አንዲት ዓይን ቁልጭ ብላ አየቻት።

አፍንጮ ናት። ምንቃሩ ከራሱ የሚበልጠውን ያንን ወፍ የፓርኩ ሰው ሁሉ አፍንጮ ነው የሚለው። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ግንድ ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃ ትመርጋለች። ከዚያ የክንፏን ላባ ታረግፋለች። መብረር የለ፣ መውጣት የለ። ወንዱ ነው ፍሬ እየለቀመ በስንጥቋ የሚያጎርሳት። እሱ ሳይመጣ ከቀረ እሷም አለቀላት፣ ጫጩቶቹም አለቀላቸው።

አትክልተኛዋ ግንበኛውን «ይሄኛው ተደፍኗል፣ ሂድ ምሳህን ብላ» አለችው። ለአለቃውም «አሥራ አራቱም ተደፍነዋል» አለች። ማን ደፈነው ብሎ አልጠየቃት። ያልተጠየቀችውን ደግሞ የምትዘረግፍ ሴት አይደለችም፣ ከእህቷ ጋር ስልክ ካልያዘች በቀር።

የአለቃው ሚስት ወሬውን ይዛ ከፀጉር ቤት በተመለሰች ማግስት፣ አለቃው ግንበኛውን ከነመሰላሉና ከነሲሚንቶው ባልዲ አስከትሎ ዛፉ ስር ተገተረ።

«ጭቃ!» አለ አንጋጦ። «ሲሚንቶ ሰጥቼሽ ጭቃ ትለጥፊበታለሽ?»

«እኔ አይደለሁም ጌታዬ። ወፏ ናት።»

«ወፍ ግንበኛ ሆነች በዪኛ!»

ግንበኛው አንገቱን አሰገገና ምርጊቱን አየው። «እውነት ለመናገር፣ ከኔ እጅ የሷ ይሻላል» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ጭቃውን አፍርሰውና እንይ። ወፍ ካለች ትቀመጥ። ከሌለች በሲሚንቶ ለስነው።»

አትክልተኛዋ መሰላሉ ፊት ቆመች። «ከፈረሰማ ማን መልሶ ይመርግላታል? ላባ የላትም። ለድመቱም ለእባቡም ግቡ ብሎ በር መክፈት እኮ ነው። ትንሽ ይታገሡኝ፤ ባልየው ሲያበላት በዓይንዎ ያዩታል።»

አለቃው ሰዓቱን አየ። «አሥር ደቂቃ።»

ይሄኔ ትኬት ቆራጯ ጎጆዋን ዘግታ መጣች። ከአትክልተኛዋ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠሩ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ለማለት የምትሮጥ ጓደኛሞች ናቸው። አርብ ጡረታ ልትወጣ ነው። ያን ሳምንት አለቃ የሚባል ፍጥረት አትፈራም።

ወንዱም አላሳፈረም፣ መጣ። አንድ ቀይ ፍሬ በምንቃሩ ይዞ ፊት ለፊት ያለው ቅርንጫፍ ላይ አረፈ።

«እሱ ነው?» ብሎ ጮኸ አለቃው። ወፉ ብድግ ብሎ ሄደ።

ዞሮ ተመለሰ። የአለቃው ስልክ ጮኸ። «ሃሎ! አዎ፣ ዛፍ ስር ነኝ! ዛፍ ነው ያልኩህ!» ወፉ እንደገና ሄደ።

«ጌታዬ፣ ድምፅ ይፈራል» አለች አትክልተኛዋ ባለቀ ድምፅ። «ትንሽ ዝም ቢሉለት።»

«እኔን ነው ዝም በል የምትዪኝ? በገዛ ፓርኬ? ለወፍ ብዬ አፌን ልያዝ? ስንት ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት! ይሄው ደቂቃው አለቀ፤ አንተ ውጣና አፍርሰው!»

ግንበኛው መሰላሉ ላይ ሁለት እርከን ወጣ። አትክልተኛዋ የመሰላሉን እግር በሁለት እጇ ጨመደደች። እንዳይወድቅ ትደግፈው ወይ እንዳይወጣ ታስቀረው፣ እሷም አታውቅም። ወንዱ ወፍ ተመልሶ መጥቶ፣ ፍሬውን እንደያዘ፣ ቅርንጫፉ ላይ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል። አለቃው አሁንም ይናገራል፤ ስለ ጎብኚ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሠራተኛ ስንፍና።

ትኬት ቆራጯ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጌታው» አለች፣ «የዚህ ፓርክ ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኗል። ሳይደፈን የቀረው የእርስዎ አፍ ብቻ ነው።»

ግንበኛው ሁለተኛው እርከን ላይ ደርቆ ቀረ። አለቃው አፉን እንደከፈተ ዝም አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከቅርንጫፉ ወደ ስንጥቋ፣ የክንፍ ድምፅ መጣ።