የጠፈሯ ሴት ወንድም

እማዬ፣ ሰይጣን አማርኛ ይችላል? ብላ ነበር የጠየቀቻት፣ ያኔ የፊት ጥርሷ ገና መነቃቀሉ ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰባኪ በአማርኛ ውጣ! ይላል፣ አስተርጓሚው ከጎኑ ቆሞ በወላይትኛ ውጣ! ይላል፣ ልጅቷ የእናቷን ነጠላ ትጎትታለች፣ በመጀመሪያው ካልወጣ አማርኛ አይችልም ማለት ነው፣ አይደል እማዬ? ዝም በይ፣ ጸሎት ነው፣ አለቻት ሚርያም፣ ሌላ ምን ትበላት፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት የሰይጣንን የትምህርት ደረጃ በምን ታውቃለች።

ይኸው ያቺ ጠያቂ፣ ትዕዛዝ፣ አድጋ ራሷ አስተርጓሚ ሆናለች። እሑድ እሑድ ከሰባኪው ጎን ትቆማለች፣ የእንግዳውን አማርኛ ለአገሬው በወላይትኛ፣ የሽማግሌዎቹን ወላይትኛ ደግሞ ከየቦታው ተመድቦ ለመጣው የመንግሥት ሠራተኛ በአማርኛ። ዛሬ ግን ቅዳሜ ነው፣ ትዕዛዝ የቆመችውም ከሰባኪ ጎን አይደለም፣ ለሠርግ ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው ጦና በከተማው አዳራሽ ውስጥ ከወጠረው ትልቅ ነጭ ሸራ ጎን ነው። ጦና የፈረንጅ ፊልም አመጣ፣ የጠፈር ፊልም፣ ዓለም ሁሉ አይቶት ያበቃለት፣ ሶዶ ብቻ የቀረችበት፣ እንግሊዝኛውን ማን ይተርጉምልን ሲል ጣቱ ሁሉ ወደ ትዕዛዝ ዞረ፣ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ታጠናለች፣ ማይክ አትፈራም፣ እናቷን ግን ማን ጠየቀ።

እናቷን የጠየቁት ጋሽ ኤርካሎ ናቸው፣ የቤተክርስቲያኑ ዋና ሽማግሌ፣ ያውም በር ላይ፣ ሰው እየሰማ። እህት ሚርያም፣ እኔ ፊልሙን አልፈራም፣ ሸራ ነው፣ የምፈራው ምላሷን ነው፣ አስተርጓሚ አንዴ ቃል መቀየር ከለመደ ነገ የእግዚአብሔርንም ቃል ይቀይራል፣ እዚያ ቀይራ ብሰማ ከመድረክ ትወርዳለች፣ እወቂው። እሺ ጋሼ። እሺ ማለት ቀላል ነው፣ ሚርያም ዕድሜዋን ሙሉ እሺ ስትል ኖራለች፣ አሁን ግን እሺ ያለችበት ነገር ማይክ ይዞ ፊት ለፊቷ ቆሟል፣ ጋሽ ኤርካሎም በቀኟ ተቀምጠው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበዋል፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው፣ የመጣሁት ለመስማት ነው እንጂ ለማየት አይደለም ብለዋል። በግራዋ ጎረቤቷ ትርሐስ፣ ከትግራይ ተመድባ የመጣች የጤና ቢሮ ሠራተኛ፣ ወላይትኛውን የለመደች፣ የማርያም ልጅ፣ ፊልም ወዳድ፣ ቆሎዋን በፌስታል ይዛ ትቆረጥማለች። በመካከል ሚርያም። ጌታ ሆይ፣ ሳይቀየር ያልፍ ዘንድ።

መብራቱ ጠፋ፣ ሸራው በራ፣ እና ተራራ በአየር ላይ።

ተራራ! ሥሩ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ አረንጓዴ፣ ደመና እንደ ሻሽ የጠመጠመ፣ ዳሞታን፣ ተራራችንን ነቀሉት! ብላ አንዲት ሴት ጮኸች፣ አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ ወደ ኋላ ተለጠጠ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ይህን ያሰበ ጭንቅላት ምን በልቶ ነው ያሰበው፣ ሁለት ፀሐይ ወጣ፣ አንዷ ቀይ አንዷ ነጭ፣ አሸዋው ሰማያዊ፣ ሚርያም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ያማረ ነው፣ ማማሩ ኃጢአት ነው? ፈጣሪ ያላደረገውን ማየት፣ ግን ማን ያውቃል አላደረገውም ብሎ። ሁለት ፀሐይ ካላቸው ሰንበትን በየትኛው ይቆጥራሉ? ይላሉ ጋሽ ኤርካሎ፣ ኧረ! እኚህ ሰው ለመስማት አልነበር የመጡት፣ ፀሐዩን በጆሮ ነው የቆጠሩት?

ትዕዛዝ ጀመረች። ሌላ ዓይነት ማስተርጎም አታውቅም፣ ልክ እንደ እሑዱ ነው፣ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ እጇን ከፍ፣ ድምፅዋ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ የጠፈር መርከቧ አዛዥ የሆነችው ሴት በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ትናገራለች፣ ትዕዛዝ በወላይትኛ፣ አንጠፋም! አሜን! ይላል ሕዝቡ። ምድራችን ብትደርቅም ሌላ ምድር አለን! አሜን! ነዳጃችን አልቋል! አሜን! አለ አንዱ ከልማዱ፣ ከኋላ ደግሞ ሳሚ፣ ባጃጅ ነጂው ሳሚ፣ እዚህም አልቋል! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳሚ ከዚያ በኋላ ዝም አላለም፣ መርከቢቱ ድንጋይ ለድንጋይ ስትሽሎኮለክ ኧረ ፍሬን ያዝ! ይላል፣ ይሄ መንጃ ፈቃዱን ገዝቶ ነው፣ የሻንቶን መንገድ ይሞክራት! ቀጥሎ ያ ጥቁሩ ጉድጓድ መጣ፣ ብርሃን እንኳ የሚውጠው፣ መርከቢቱን እየሳበ፣ እየሳበ፣ ልጆች አለቀሱ፣ እናቶች በኢየሱስ ስም በኢየሱስ ስም አሉ፣ ሚርያምም የትርሐስን ክንድ ጨበጠች፣ ጸጥ ባለው መሀል ሳሚ ወራጅ አለ! ሲል ትርሐስ ቆሎዋን ከፊቷ በተቀመጡት ሰዎች ማጅራት ላይ በተነችው።

ጋሽ ኤርካሎም ሳቁ። አይታ ነው እንጂ ብትሰማ አታምንም፣ ጋቢው አፋቸውን ሸፍኖታል፣ ትከሻቸው ግን አልተሸፈነም። ሚርያም ትንሽ ተነፈሰች። ምን ሆነ ታዲያ፣ ልጄ አንድ ቃል አልጣለችም፣ ከባሕሩ የወጣው አውሬ እንኳ፣ ያ ተነቅሎ የተገለበጠ እንሰት የሚመስለው፣ ሥሩን ሁሉ እያወራጨ ሲራገም እርግማኑን ቃል በቃል አስተርጉማለች፣ ኋላ የተቀመጡት እናቶች ይበላል? አይበላም? ተባባሉ፣ አንዷ እንደ ቆጮ ከቀበሩት ምን ችግር አለው አለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ያልቃል፣ ያልቃል፣ ተመስገን።

አላለቀም።

አዛዧ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተኝታ ነበር፣ የዘመናት እንቅልፍ፣ ነቃች፣ ሣጥኑ ተከፈተ፣ አንድ ሰው ጢሙ አድጎ ቆሟል፣ ሲጠብቃት የኖረ፣ እሷ አንድ ነገር አለችው፣ እሱ አንድ እርምጃ፣ እሷ አንድ እርምጃ፣ ሚርያም ገባት፣ ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም፣ ኧረ ጌታ ሆይ መብራት አጥፋ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሊጥ ሳይጋገር ሲጠፋ የከረመ መብራት፣ አሁን ምን አለበት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አልጠፋም፣ ጭራሽ ደምቆ በራ፣ መብራት በፈለጉት ሰዓት ጠፍቶ አያውቅም፣ ሁለቱ ፊቶች ሸራውን ሞሉት፣ እያንዳንዱ ከንፈር የአልጋ ያህላል፣ እና ተሳሳሙ።

ትዕዛዝ ዝም አለች። ፊልሙ ከተጀመረ የመጀመሪያው ዝምታ ነው፣ ዓይኗ ከሸራው ወደ ጋሽ ኤርካሎ፣ ከጋሽ ኤርካሎ ወደ እናቷ፣ ሚርያም በጭንቅላቷ አይሆንም ትላት? አዎ ትላት? አንገቷ ደርቆ ቀረ። ወንድሟ ነው! አለች ትዕዛዝ በመድረክ ድምፅዋ። ብዙ ዘመን ተለያይተው ነበር! እሰይ! አለ ሕዝቡ፣ እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፣ አንዷ እንባዋን ጠረገች፣ ወንድም ደግ ነው አለች፣ መሳሙ ግን አላበቃም፣ ሕዝቡ ይጠብቃል፣ አሁንም አላበቃም፣ ትዕዛዝ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ በጣም ብዙ ዘመን! አለች።

ምን ወንድሟ ነው? ትርሐስ በጆሮዋ። እጮኛዬ ነው እኮ ያለችው! ቀስ በይ። ምን ቀስ እላለሁ፣ በግልጽ እንግሊዝኛ፣ እጮኛዬ፣ ጠብቀኸኛል ወይ ነው ያለችው። ትርሐስ፣ በእመቤቴ በምትዪያት፣ ቀስ በይ። ጋሽ ኤርካሎ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ በኀዘን ነው፣ በደስታ፣ ዮሴፍም ወንድሞቹን ሲያገኝ እንዲሁ አንገታቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ ይላሉ። ተቀየረ። ቃሉ ተቀየረ፣ ያወቁት ሁለት ሴቶች ናቸው፣ አንደኛዋ ቆሎ ትበላለች፣ ሁለተኛዋ ወልዳታለች።

ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ያየ ማን ነው፣ ተራራው ቢንሳፈፍ፣ ከዋክብቱ ቢፈነዱ፣ ሚርያም የምታየው አንድ ነገር ነው፣ ያቺን ሴት፣ ወደ ወንድሟ እንዳትጠጋ፣ ራቅ በይ እህቴ፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ መርከብ አደራ የተሰጠሽ ሰው ነሽ፣ እና መጨረሻ ላይ አዲሲቱ ምድር ላይ ወረዱ፣ ሣር፣ ወንዝ፣ ጠዋት፣ ሴቲቱ ሆዷ እስከዚህ። ልጁ ተወለደ። ጢማሙ ሰው ሕፃኑን ወደ ሁለቱ ፀሐይ ከፍ አደረገው፣ አባቱ እንደሆነ ለማወቅ ተርጓሚ አያሻም።

አዳራሹ ፈነዳ።

ኧረ ጉድ! ወንድሟ! የእናቷ ልጅ! በአንድ ጎሳ ውስጥ እንኳ በማንጋባ ሕዝብ ፊት! አንዲት እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፣ ሳሚ እንኳ የሚለው አጣ፣ ትዕዛዝ ማይኩን ቁልቁል ይዛ እንደ ጨው ዓምድ ቆማለች። ጋሽ ኤርካሎ ብቻ ቀስ ብለው ተነሡ፣ አያችሁ? አሉ፣ ሰማይን ሁሉ አቋርጠው ሄዱ፣ ሕጉን ግን ምድር ላይ ረሱት።

መብራት በራ፣ የሚወጣ ሰው የለም። ጦና በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ሕዝቡ ግን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፣ ሚርያም ለምን እንደሆነ ታውቃለች፣ እዚህ አገር በትልቅ ሸራ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ያየው ቤተክርስቲያን ሜዳ ላይ ስታሳይ ነው፣ ፊልም ሲያልቅ የንስሐ ጥሪ ይደረጋል፣ ይህ ያለ ነው፣ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አንሥተው ወደ ፊት ወጡ፣ ሁለት ጎልማሶች ተከተሏቸው፣ ጦና ኧረ እናቴ ወደዚህ ነው መውጫው ቢል ማን ሰምቶት፣ ጋሽ ኤርካሎ ሄደው እጅ ጫኑባቸው፣ ጸለዩ፣ ትርሐስ እኔ እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም አለች፣ ምን አየሽና፣ አለቻት ሚርያም በልቧ።

በር ላይ ጋሽ ኤርካሎ እጇን ያዙ። እህት ሚርያም፣ ልጅሽን ተጠራጥሬ ነበር፣ ይቅር በዪኝ፣ ነውሩን እንኳ ሳትሸፍን ወንድሟ ነው አለች፣ ታማኝ አስተርጓሚ ይሄ ነው፣ ነገ በዚሁ ነው የምሰብከው። እሺ ጋሼ። እንደገና እሺ! ምላሴን ምን ያዘው።

ቤት ገብተው ሚርያም ቦይና፣ ያው ጎደሬ፣ ትልጣለች፣ ልጣጩ ከሥሩ ይልቅ ወፍራም እየሆነ ይወድቃል። እማዬ፣ አንቺን አይቼ እኮ ነው፣ ትላለች ትዕዛዝ፣ እሳቸው አጠገብ እንደ ተከሳሽ ኩርምት ብለሽ። እኔን አታንሺ። ደግሞ ሁላችንም ወንድምና እህት አይደለን? በጌታ ወንድሟ ማለቴ ነበር። እንደዚያ የሚሳሳሙ የጌታ ወንድምና እህት የትኛው አጥቢያ ነው ያሉት? ልጅቷ ሳቀች፣ እናቷም ልትስቅ ነበር፣ ከዚያ ልጅቷ ሳቋ ተቆረጠና፣ ነገ የማስተረጉምላቸው እኮ እኔ ነኝ፣ አለች፣ አፌ እንዴት ይላል እማዬ? ሚርያም ብትናገር ልጅቷ ከመድረክ ትወርዳለች፣ ያ መድረክ ምኗ እንደሆነ ማን ያውቃል ከእናቷ ሌላ፣ ዝም ብትል ውሸቱ ራሱ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ነጠላ ለብሶ፣ በልጇ አፍ፣ አሜን እየተባለለት። ጌታ ሆይ፣ አንተው ተናገርልኝ። ጌታም ምናልባት እንደ አስተርጓሚ፣ እሷ ተናግራ እስክትጨርስ እየጠበቀ ነው።

እሑድ ጠዋት ቤተክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ወሬው ቀድሞ ደርሷል፣ በአማርኛ የሚሰሙት ሠራተኞች በግራ በኩል እንደ ወትሮው፣ ጋሽ ኤርካሎ በወላይትኛ ጀመሩ፣ ትናንት በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ትዕዛዝ በአማርኛ፣ ትናንት በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ አንዲት አዋቂ ሴት ነበረች፣ አንዲት አዋቂ ሴት ነበረች፣ ይህች ሴት ወንድሟን አገባች! ትዕዛዝ አፏን ከፈተች። ይህች ሴት፣ አለች። ይህች ሴት። ማይኩ ትንፋሿን ብቻ ለሕዝቡ ያሰማል።

ሚርያም እጇን አነሣች። በዚህ ቤት ውስጥ ለመዝሙር እንጂ ለንግግር ተነሥቶ የማያውቅ እጅ፣ ራሷም ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ ጋሽ ኤርካሎ፣ ይቅርታ፣ አለች በወላይትኛ፣ ወንድሟ አይደለም፣ እጮኛዋ ነው፣ ልጄ ቃሉን ቀይራለች፣ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ።

በቀኝ ያሉት አገሬዎች ሰሙ። በግራ ያሉት ደግሞ ምን ተባለ? እያሉ ዓይናቸውን ወደ ትዕዛዝ አዞሩ፣ እንዳስለመደቻቸው። ልጅቷ እናቷን አየች። ምንም ማለት ትችላለች፣ እናቴ ጌታን አመስግኑ ትላለች ብትል ማን ያውቅባታል፣ ማይኩን ወደ አፏ አመጣች፣ ወንድሟ አይደለም፣ አለች በአማርኛ፣ እጮኛዋ ነው። ልጄ ቃሉን ቀይራለች። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ። አንድም አልጣለችም፣ አንድም አልጨመረችም፣ ልጄ የምትለዋን ቃል እንኳ፣ ራሷን ብትነካም፣ አልቀየረቻትም፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል።

ጋሽ ኤርካሎ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፣ እንደገና አጠለቁት፣ እናትን አዩ፣ ልጅን አዩ። እና ለመሆኑ፣ አሉ፣ ሽማግሌ ተልኮ ነበር?

እሱን አላሳዩንም ጋሼ፣ አለች ሚርያም፣ ያላየሁትን አልመሰክርም።

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል አሳበበ። ጋሽ ኤርካሎ ወደ ትዕዛዝ ዞረው፣ በይ አስተርጉሚው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሰው ተቀምጧል፣ አሉ። ሚርያምም ልጇ ተርጉማ እስክትጨርስ ድረስ ቆማ ጠበቀች።