ተቀባይ ያጣ ሙሾ

«ዛሬም ምንም አላለችም?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

የሺ ሰምታለች። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ የሚያንሾካሹከው ይህንኑ ነው። ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ የእሷ ሙሾ ያልወረደለት ሟች ጥቂት ነው፤ እንባ የለውም የተባለውን ወንድ ሳይቀር አስለቅሳለች። አሁን የገዛ ልጇ ብሌን ሞታ አንዲት ስንኝ ከአፏ አልወጣችም። አገሩም ይጠብቃል። ሰው ክፉ ነው፤ የእናት እንባ እንኳ እንዲያምርለት ይፈልጋል።

ጎረቤቷ አሲያ የንፍሮውን ሳህን አስጠጋችላት። «እስቲ አንድ ፍሬ ቅመሽ፣ እታለሜ። አላህ የወሰደውን ማን ይመልሰዋል?»

«ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ አሲያ።»

ብሌንን ያሳደጋት ይኸው ጉሮሮ ነበር። ከእናቷ ጋር ለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ስትዞር፣ በሰባት ዓመቷ የአስለቃሽን ትንፋሽ አያያዝ አውቃ ጨረሰች። ከዚያ ወዲያ ያልዘፈነችው የለም። መርሳ ላይ የሠርግ፣ ወልድያ ላይ አምባሰልና ትዝታ፤ አዲስ አበባ ስትገባ ደግሞ አር ኤንድ ቢ የሚሉትን፣ እያባበለ የሚያደማውን ዘፈን፣ አብሯት የተወለደ ይመስል ያዘችው። ዘፈን እንደ ቀሚስ ትቀያይራለች ይሏት ነበር። ሁሉም ልኳ ነበር።

ከእናቷ ያጣላት ግን አንዱ ነው። የዛሬ አራት ዓመት የሺ ከወልድያ ስትመለስ ሚኒባሱ የልጇን አዲስ ዘፈን ከፈተ። ስንኙን ወዲያው አወቀችው። የጭነት መኪና ነጂው ባሏ ገዛኸኝ የሞተ ጊዜ ራሷ ያወረደችው ነው፦

ጡሩንባህ ሲሰማ በር ስከፍት ኖሬ፣
በሰው ጫንቃ መጣህ፣ ምን ልክፈትልህ ዛሬ?

ብሌን ስንኙን ትልና ዝም። እንደ ለቅሶ ቤት «ወዬ» ብሎ የሚቀበላት የለም፤ ከበሮው ብቻውን ይመታል። ደግማ ትላለች፤ ዝም። በየሺ ዘንድ ተቀባይ የሌለው ሙሾ ወገን የሌለው ሰው ሙሾ ነው። አገር ያለቀሰለት ገዛኸኝ ሜዳ ላይ የተጣለ መሰላት። ሲሪንቃ ላይ «ወራጅ!» ብላ ወረደችና እዚያው መንገድ ዳር ቆማ ደወለች።

«አባትሽን ሰው አልባ አደረግሽው። ሁለተኛ እናቴ እንዳትዪኝ!»

ከዚያ ወዲህ የልጇን ስልክ አላነሳችም። ብሌንም ጉበቷን ስትታመም ለእናቴ እንዳትነግሩ ብላ አስማለች። የመጣችው በሣጥን ነው። እናቴ አትበዪኝ ያለች ሴት በምን አፏ «ልጄ» ብላ ታልቅስ?

ከሰዓት በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ እያለቀሰች ገብታ የሺ እግር ላይ ተደፋች።

«ናርዶስ እባላለሁ፣ እማማ። መድረክ ላይ ከኋላዋ ቆሜ የምቀበላት እኔ ነበርኩ።»

የየሺ ድምፅ ሻከረ። «ተቀባይዋ አንቺ ነሽ? ታዲያ ለአባቷ ሙሾ ምነው አፍሽ ተያዘ?»

«ከልክላኝ ነዋ! ስቱዲዮ ውስጥ ልቀበላት ስል፣ ‹ተዪው፣ ይሄን የምትቀበለኝ መርሳ ናት ያለችው› አለችኝ። መድረክ ላይም እዚያ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ሕዝቡ ያጨበጭባል። እሷ የምትጠብቀው እርስዎን ነበር።»

የሺ ያኔ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰማችውም። አንዲት «ወዬ» ነበረች የተፈለገችባት፤ አራት ዓመት ሙሉ ነፈገቻት።

«ክፈቺው» አለች።

ናርዶስ ስልኳን ከንፍሮው ሳህን አጠገብ አኖረች። አሲያ ሴቶቹን በእጇ ዝም አሰኘች። የብሌን ድምፅ ወጣ።

የሺ ስትነሳ ሴቶቹ ለአስለቃሿ መሀሉን ለቀቁላት። እሷ ግን አልፋቸው ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ ተቀምጣበት ከማታውቀው፣ ከተቀባዮቹ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጇ ስንኙን ጨርሳ ዝም ስትል፣ ደረቷን በመዳፏ መታ አድርጋ፣ «ወዬ… ወዬ…» ብላ ተቀበለቻት።