የታጠበው ገመድ

ኃይለመስቀል የከረጢቱን ማሰሪያ እንደፈታ አፍንጫውን የመታው የበረኪና ሽታ ነበር። ገመዱን ጎትቶ አወጣው። ሰማያዊ የነበረው ገመድ ገርጥቶ አመድ መስሏል።

«ዐድናን» አለ ቀስ ብሎ። ኃይለመስቀል ቀስ ብሎ ሲናገር የሚያውቁት ሰዎች ይሰጋሉ፤ መጮሁ ቀርቶ አይደለም፣ እየተዘጋጀ ስለሆነ ነው። «ይህን ገመድ ማን ነካው?»

ዐድናን እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳ። እሱ ቢያቆምም መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አላቆመም፤ ከግራም ከቀኝም የሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች መኪና መንደቅደቁን ቀጠለ።

«እናቴ አጥባው ነው።»

«በምን?»

«በኦሞ።»

«በኦሞ ብቻ?»

«ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጋበት ይሆናል። ረመዳን እየገባ ነው አቦ! ምንጣፉ ታጥቧል፣ መጋረጃው ታጥቧል፣ ግድግዳው ታጥቧል። እኔም ከቤት ባልወጣ ኖሮ ታጥቤ ተሰጥቼ ነበር።»

ኃይለመስቀል አልሳቀም። ገመዱን በጣቶቹ መሃል እያሳለፈ ስንዝር በስንዝር ዳሰሰው። «የት ነው የደረቀው?»

«ጣሪያ ላይ።»

«ፀሐይ ላይ?»

«በጨረቃ ይድረቅ እንዴ? ሁለት ቀን ተሰጥቷል። እየው፣ አዲስ መስሏል።»

ጉዳዩ የአንድ ገመድ ጉዳይ አልነበረም። ኃይለመስቀል የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት አምስት ሰዎችን ይዞ እሑድ እሑድ ከሐረር ራስጌ ያለውን ሐኪም ጋራን መውጣት ሲጀምር ከተማው በሙሉ ስቆበታል። «ጋራው ላይ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ይሉት ነበር፤ ጎረቤቱም፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛም፣ ነፍስ አባቱም። እሱም ለእያንዳንዳቸው መልስ ነበረው፤ መልሱም እያደር እየረዘመና እየመረረ ሄደ። እግር ያለው ሕዝብ ሦስት መቶ ሜትር ለመሄድ ባጃጅ የሚጠብቅበትን አገር እየረገመ፣ ከበሩ ፊት ለፊት የቆመውን ተራራ ስም የማያውቅ ተማሪ እየረገመ፣ አምስቱን ሰዎች ሃያ ሁለት አደረሳቸው።

ባለፈው ዓመት ሁለት ባዕዳን ዓለት ወጪዎች ለሦስት ሳምንት መጥተው ስለ ቋጠሮና ስለ መታጠቂያ ሲያስተምሯቸው ከረሙና ሲሄዱ ይህን ገመድ ትተውላቸው ሄዱ። ሥልሳ ሜትር ነው። በሐረር ሌላ የለም፤ ኃይለመስቀል እስከጠየቀበት ድረስ በአዲስ አበባም የሚሸጥ የለም። እሱ የሚኖርበት የቆርቆሮ ክፍል ቀን ቀን እንደ ምድጃ ስለሚግል፣ ገመድ ደግሞ ሙቀትና ፀሐይ ስለማይወድ፣ አስቦና አሰላስሎ ጀጎል ውስጥ ያለውን የዐድናንን ቤተሰብ ቤት መረጠ። ግድግዳው ክንድ ተኩል የወፈረ የድንጋይ ቤት ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጨለም ያለ። የትኛውም መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይነግርም።

እሑድ የዱር ፈረሶች ወዳሉበት ወደ ቁንዱዶ ተራራ ሊሄዱ ነው። ከተራራው አናት ሥር ሃያ ስምንት ሜትር ቀጥ ያለ ዓለት አለ፤ ገመዱን ይዛ ቀድማ የምትወጣው የዐድናን እህት ፈሂማ ናት። ለዚህ አስራ አንድ ወር ተለማምዳለች። ከእሑድ በኋላ ፆሙ ይገባል፤ ከፆሙ በኋላ ደግሞ በነርስነት ወደ ተመደበችበት ጎዴ ትሄዳለች። ለፈሂማ ከዚህ እሑድ በቀር ሌላ እሑድ የለም።

«ይህ ገመድ ሞቷል» አለ ኃይለመስቀል።

«ምን?»

«በረኪና ናይለን ይበላል። ከውስጥ ነው የሚበላው፤ ከላይ ምንም አይታይም። ሰው አይንጠለጠልበትም።»

«ንፁሕ ሆኖ?»

«ንፁሕ ሆኖ!» እዚህ ላይ ጩኸቱ መጣ። «ሬሳም ንፁሕ ከፈን ይለብሳል!»

የጎረቤቶቹ የስፌት መኪናዎች አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ጩኸቱን ሰምቶ ከመንገዱ ማዶ ባርኮት መጣ። ባርኮት ሚኒባስ ያለው አስጎብኚ ነው፤ እሑድ የሚወስዳቸው እሱ ነው፤ ፈሂማ ስትወጣ ለመቅረጽም ካሜራ ተውሷል። ነገሩን ሰምቶ ገመዱን አንስቶ አገላበጠው።

«ቲቸር፣ በሳይንስ ይሁን» አለ። «እንሞክረው።»

«በምን ትሞክረዋለህ?»

መልሱን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ ነበር። ሳይጠሩ ተነሡ። አራቱ በአንድ ወገን፣ ባርኮትና ሦስት ተሸካሚዎች በሌላው ወገን ገመዱን ይዘው ጉተታ ገጠሙ። መንገዱ ተዘጋ። ከጊደር መጋላ ገበያ የሸመቱትን ይዘው የሚመለሱ ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ቆሙ። «ሳብ! ሳብ!» አለ ሰፈሩ። ገመዱ ተወጠረ፣ ተንጣጣ፣ ያዘ። በመጨረሻ የተበጠሰው የአንድ ተሸካሚ ሰንደል ጫማ ነው። ጭብጨባው ቀለጠ።

«ስምንት ወንድ!» አለ ባርኮት ላቡን እየጠረገ። «ፈሂማ ሃምሳ ኪሎ አትሞላም። አሁንስ ምን ትላለህ?»

ኃይለመስቀል ብዙ ነገር አለ። መጎተትና መውደቅ አንድ አይደለም አለ። ከአምስት ሜትር የወደቀ ሰው በገመዱ ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት የሰውየው ክብደት ብቻ አይደለም አለ። ዛሬ ያልተበጠሰ ነገ አይበጠስም ማለት አይደለም፣ ያውም አሁን ደግሞ ስምንት በሬ ጎትቶታል አለ። ለሃያ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሁሉ በመንገድ ላይ ደገመው። ሰዎቹ በትህትና ሰሙት፤ ሲጨርስ አንደኛው ልብስ ሰፊ «ግን እኮ አልተበጠሰም» አለ።

ፈሂማ የደረሰችው ያኔ ነው። ማን ሄዶ እንደነገራት አይታወቅም። ገመዱን ከባርኮት እጅ ወስዳ እሷም እንደ ኃይለመስቀል በጣቷ ዳሰሰችው፤ ያስተማራት እሱ ነው።

«ምንም የለውም፣ ቲቸር።»

«አይታይም አልኩሽ።»

«የምወጣው እኔ ነኝ። እኔ ካልፈራሁ እርስዎ ስለምን ይፈራሉ?»

«ስለማውቅ! የማያውቅማ ምን ያስፈራዋል?»

«እኔ ደንቆሮ ነኝ ማለትዎ ነው?»

«አዎ!» አለ፤ ወዲያው ቆጨው፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ፈሂማ ፊቷ እንደ ተቆለፈ በር ሆነ። «ዐድናን፣ ገመዱን ወደ ቤት ውሰደው» አለች፤ «እሑድ ይዘነው እንሄዳለን። ቲቸር የፈለጉ እንደሆነ ይመጣሉ።»

«እናትሽ ይስሙ እንግዲህ» አለ ኃይለመስቀል። «ዛሬውኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ዐድናን ክንዱን ይዞ ወደ ሱቁ ውስጥ ሳበው። «እንዳታደርገው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ ፈሂማ በእግር ትሄዳለች ብላ ነው የምታስበው። ገመዱ የሻንጣ ማሰሪያ ነው ብለናታል። ብትሰማ እኔን በሕይወት አትተወኝም። ደግሞስ አጥቤ አበላሸሁ ብላ ስታፍር ማየት ትፈልጋለህ? በስልሳ ስምንት ዓመቷ? ለረመዳን?»

ኃይለመስቀል ክንዱን አስለቀቀ። ገመዱ ሙሉ ሆኖ ካደረ እሑድ ጠዋት ሚኒባሱ ላይ እንደሚጫን፣ ከተጫነ ቁንዱዶ እንደሚደርስ፣ ቁንዱዶ ከደረሰም ፈሂማ ወገብ ላይ እንደሚታሰር አንድ ሁለት እንደማለት ግልጽ ነበር። መቆረጥ አለበት። ዛሬ።

ሰው ሁሉ «አይ ናፊያ» ብሎ የሚጠራቸው የዐድናን እናት፣ «አይ» እንደ «እማማ» መሆኑ ነው፣ መደብ ላይ ተቀምጠው የቴምር ፍሬ እየለቀሙ ነበር። ቤቱ አዲስ በተቀባ ቀይ አፈር ያበራል። ኃይለመስቀል ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ከኋላው ገመዱን የተሸከመው ዐድናን፣ ጉዱን ሊያይ የመጣው ባርኮት፣ ከሁሉ በኋላ ፈሂማ።

«አየኸው ገመድህን?» አሉት ፊታቸው በርቶ። «ማሻአላህ በል! ሲመጣ ጭቃ ነበር። የሰው አማና፣ የሰው አደራ ቆሽሾ አይመለስም።»

በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ስለ ድንቁርና፣ በማያውቁት ስለ መግባት። ሁሉንም ተወው።

«አይ ናፊያ፣ ገመዱ ሞቷል።»

«ሰው ነው እንዴ የሚሞተው?»

ነገራቸው። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ዘረዘረው፤ በረኪናውን፣ ፀሐዩን፣ የማይታየውን። ለምን እንደሚያስፈልግ ግን አልተናገረም። ዐድናን ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሏል።

አይ ናፊያ የያዙትን ቴምር ሰሃኑ ላይ መለሱ። ፈሂማን አዩ። ብዙ አዩአት።

«እሑድ ትወድቅ ነበር ማለት ነው» አሉ።

አራቱም ቀና ብለው አዩአቸው።

«ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ? አስራ አንድ ወር ሙሉ የጣቶቿ ጫፍ ተልጦ ሲመጣ ሻንጣ ስትጭን ነው እላለሁ? ጉልበቷ ሰማያዊ ሆኖ ሲመጣ? ጎረቤቶቼስ ምላስ የላቸውም? ወላሂ፣ እናንተን የወለድኩ እኔ ነኝ፣ እኔን እናንተ አልወለዳችሁኝም!» ወደ ገመዱ ጠቆሙ። «የሻንጣ ማሰሪያ ቢሆንማ በጭቃው እዚያው ይቀመጥ ነበር። ልጄን የሚይዝ ነው ብዬ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ በእጄ ነው ያጠብኩት። ሁለት ጊዜ።»

ፈሂማ የተላጡትን የጣቶቿን ጫፎች መዳፏ ውስጥ ደበቀች።

«አንተስ?» ወደ ኃይለመስቀል ዞሩ። «እነዚህስ ፈርተውኝ ነው። አንተ አስተማሪ ነህ። ጀጎልን በሙሉ ስታስተምር ድምፅህ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። አማና ሲሰጥ ከነቃሉ ነው የሚሰጠው። በዚህ በር ስንት ጊዜ ገባህ ወጣህ? ‹አይ ናፊያ፣ ይህን ውኃ አያስነኩት› ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጅብህ ነበር?»

ኃይለመስቀል ለዘበኛው መልስ ነበረው፤ ለነፍስ አባቱም ነበረው። ግድግዳውን መርጧል፣ ሙቀቱን ለክቷል፣ እርጥበቱን አስቧል፤ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ ግን አላሰበም። ሲገባ «እንደምን ዋሉ» ብሎ፣ ሲወጣ «ደህና ይዋሉ» ብሎ ነው ያለፈው። አሁን ንዴቱ እንዳለ አለ፤ የሚወረውርበት ሰው ነው ያጣው።

«ቢላ ይስጡኝ» አለ።

ሽንኩርት መክተፊያ ቢላ ሰጡት። ገመዱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መገዝገዝ ጀመረ። ቢላው ዶሎዶም ነው፤ ገመዱ እየላላ ከሥሩ ይንሸራተታል። አንድ ደቂቃ ገዘገዘ። ሁለት ደቂቃ። የገመዱ የላይ ልባስ ትንሽ ፀጉር ከማውጣት በቀር አልነቃነቅም አለ።

«ቲቸር» አለ ባርኮት ሳቁን እየዋጠ፣ «ደካማ ነው አላልክም እንዴ?»

«ሲወጠር ነው የሚቆረጠው። ጫፉን ያዝልኝ።»

«እኔ እጄን አላስገባበትም። ለእሑድ አስራ አራት ሰው መዝግቤ!»

«ዐድናን?»

ዐድናን እጆቹን ኪሱ ከተተ። ፈሂማን ለመጠየቅ አልደፈረም። ላቡ በአፍንጫው ላይ ወርዶ ቀዩ መደብ ላይ ጠብ አለ፤ የገመዱ ልባስ እንኳ ገና ግማሹ አልተበላም።

አይ ናፊያ ከመደቡ ወረዱ። ሻሻቸውን አጠበቁ፣ የገመዱን ጫፍ መዳፋቸው ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙ፣ ተረከዛቸውን ከደረጃው ጋር አስደግፈው ወደ ኋላ ሳቡ። ፈሂማ በቤታቸው ቋንቋ ጮኸች፤ ኃይለመስቀል ቋንቋውን ባያውቅም «ተዪው!» ማለቷ እንደሆነ ገባው። ገመዱ ተወጠረ። ቢላውን አንድ ጊዜ ቢያሳርፍበት ብጥስ አለ፤ አሮጊቷ በቂጣቸው ትራሱ ላይ ዐረፉ።

«ድገም» አሉ፣ ሳይነሡ።

«ይበቃል፣ አይ ናፊያ።»

«አይበቃም። ይሄ ልጅ ቋጥሮ ይወስደዋል» በአገጫቸው ባርኮትን አሳዩ። «ድገም አልኩህ።»

ደገሙት። አንድ ክንድ፣ አንድ ክንድ እየሆነ ምንጣፉ ላይ ተከመረ። ባርኮት ስልኩን አውጥቶ ለአንዱ «እሑድ አልቀረም፣ ፈረሶቹን ብቻ አይተን እንመለሳለን፣ ምሳው እንዳለ ነው» ሲል ተሰማ። ዐድናን ቁርጥራጮቹን ከጥግ በኩል በእግሩ ይሰበስባል። ፈሂማ እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። የመጨረሻው ክንድ ሲበጠስ ማንንም ሳታይ በአማርኛ «አስራ አንድ ወር» አለች፤ ወጥታም ሄደች።

ኃይለመስቀል ቢላውን እንደያዘ ቀረ።

«ሂድና አናግራት እንጂ» አሉት አይ ናፊያ መዳፋቸውን እያሻሹ። ገመዱ የጠመጠማቸው ቦታ ቀልቷል።

«ምን ልበላት?»

«እኔ ምን አውቄ? ተናጋሪው አንተ ነህ።»

ተነሣ። በሩ ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች የራሱን ፈልጎ አንዱን አጠለቀ፤ ሁለተኛው ማሰሪያው ቋጠሮ ይዞ አልገባ አለው። በአንድ እግሩ እየዘለለ ወደ ጠባቡ መንገድ ወጣ። ለፆሙ የሸመቱ ሰዎች ዘንቢልና ማዳበሪያ ይዘው በግራ በቀኝ ይጋፋሉ፤ ፈሂማ ኩርባውን አልፋለች።

«ፈሂማ!» ብሎ ጮኸ። አምስት ሰዎች ዞረው አዩት፤ እሷ አልዞረችም።