የታሰረው ዥዋዥዌ

ወይዘሮ ማዘንጊያ ወደ ሊሊሴ ጆሮ ጠጋ ብለው ዥዋዥዌው መታሰሩን እንደ ምሥራች ነገሯት። ሸርተቴው ላይም እሾህ ተጥሏል። የባሏ የታፋ ለቅሶ እስኪያልቅ ድረስ በመጫወቻው ቦታ አንድም ሕፃን ድምፁን እንዳያሰማ ሰፈሩ ተስማምቷል አሉ። እኚህ የጎጃም ጎረቤት ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ከጎኗ አልተለዩም። የሰፈሩ ጴንጤዎች ለቅሶ አይችሉበትም እያሉ ሲያሟቸው ሰንብተው፣ ዛሬ ግን ሰፈሩን አመስግነዋል።

ሊሊሴ እግዜር ይስጥልኝ አለች። ከዚያ ዓይኗ በድንኳኑ ውስጥ ልጇን ፈለገ። አሜን የለችም። የት እንደሄደች ስትጠይቅ፣ አንዷ ሴት ከልጆቹ ጋር አስፋልቱ ዳር ኳስ እየተጫወተች ነው አለቻት።

ሊሊሴ ሻዩን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። ልጅቷን እስኪያመጡላት ድረስ ዓይኗን ከድንኳኑ በር ላይ አልነቀለችም።

አሜንን ባጃጅ ገጭቶ እግሯን የሰበራት እዚያው አስፋልት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ታፋ በአንገር ጉቲን የትራክተር መካኒክነቱን ትቶ ወደ ነቀምቴ ከተመለሰ ብዙም አልቆየም። ባኬ ጃማ በተባለው ሰፈራቸው ውስጥ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መንግሥት አንድ ጊዜ መጫወቻ ሠርቶ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ብረቱ በመጋዝ ተቆረጠ፣ እንጨቱ ማገዶ ሆነ። ሲሰበር ያየ ሁሉ የመንግሥት ነው እያለ ያልፍ ነበር። ከአሜን አደጋ በኋላ ታፋ ሌላ እንዲሠራለት ማመልከቻ አላስገባም። ከቤት ቤት እየዞረ ለመነ። ከአንዱ አሮጌ ጎማ፣ ከሌላው የባሕር ዛፍ ግንድ ተቀበለ፤ ምንም የሌለው ጉድጓድ ቆፈረለት። ወይዘሮ ማዘንጊያ አሮጌ የበር ሳንቃቸውን ሰጡት፤ እሱም የዥዋዥዌ መቀመጫ አደረገው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ባለፉ ቁጥር፣ “በእኔ ሳንቃ ላይ ተቀምጠህ ትሳደባለህ?” እያሉ ልጁን ሁሉ ይቆጡ ነበር።

አንድ ቀን ግን ሰንሰለቱ ተቆርጦ ተገኘ። ቆራጩ ኢቢሳ የሚባል የሰፈሩ ወጣት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ይታሰር አሉ። ታፋ ቤቱ ድረስ ሄደ። ሊሊሴ ፈርታ ተከትላው ስለነበር የተባባሉትን ሰምታለች።

“ነገ አዲስ ሰንሰለት እንሰቅላለን” አለው ታፋ። “የቱ ጋ እንደሚበጠስ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። መጥተህ አሳየን።”

ኢቢሳ መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በማግስቱም መጣ። ዛሬ የራሱ ባጃጅ አለው። የታፋን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ ዥዋዥዌውንም ለክብሩ ብሎ ያሰረው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ገቢሳ መጣ። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ክፍለ ከተማው ውስጥ ይሠራል። ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ፣ ሰፈሩ እንደሚጠራት በኦሮምኛ የአሜን እናት ብሎ ጠራት።

“ሀዳ አሜን፣ በሐዘንሽ ላይ መጨመሬ አይደለም። ነገ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች ይመጣሉ። ቦታው ለባጃጅ ማቆሚያ ተጠይቋል። ባለቤቱ ሞቷል፣ ልጅም አይደርስበትም ተብሏል።”

“ማን አለ?”

“በመኪና ሲያልፉ ዥዋዥዌው የታሰረበትን ገመድ አይተዋል። ጭር ብሏል።”

ቀኑን ማራዘም እንደማይቻል ጨምሮ ነገራት። ሊሊሴ ነገሩ ገባት። ሰፈሩ ታፋን ሊያከብር ብሎ የታፋን ሥራ ሊያስነጥቅ ነው። መጫወቻው ከሄደ አሜን ነገም አስፋልቱ ዳር ናት፤ ከነገ ወዲያም።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ሲሰበሰብ፣ ገቢሳ ያላትን ነግራ ዥዋዥዌው ይፈታ አለች። ድንኳኑ አጉረመረመ። ሰው ምን ይላል የሚለው ከየአቅጣጫው መጣ። ወይዘሮ ማዘንጊያ የሊሊሴን ነጠላ ያዙ።

“አፈሩ ሳይደርቅ ልጆች እልል ይበሉበት?”

“እማማ፣ ለቅሶ አታውቁም እያሉ ሲቆጡን ሰንብተዋል። ታፋ ጩኸት ይገባዋል፤ ልጆቹ ይጩኹለት።”

አሮጊቷ ነጠላዋን ለቀቁ። አፍንጫቸውን ጠርገው፣ መጀመሪያ የሚቀመጠውን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኢቢሳ ቀድሞ ወጣ፤ ቋጠሮውን አጥብቆት ስለነበር በጥርሱ ጭምር ፈታው። ሴቶቹ እሾሁን በዱላ ገፍተው አስወገዱ። ሊሊሴ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ቆማ ልጆቹን በየስማቸው ጠራች። በየአጥሩ ሥር ተሸጉጠው የነበሩት ሁሉ ግር ብለው ወጡ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ሜትራቸውን ይዘው ከመኪና ሲወርዱ፣ ቦታው እርስ በርስ መሰማማት እስኪያቅት ድረስ ይጮህ ነበር። ኃላፊው ግራ ተጋብቶ ወደ ሊሊሴ መጣ። የቦታው ባለቤት አርፏል ተብለን ነበር አላት።

“ያረፈው የእኔ ባለቤት ነው” አለች። “የቦታው ባለቤት አልሞተም።”

“ማነው እሱ?”

ሊሊሴ ሳትመልስ ኢቢሳ ከኋላዋ ተናገረ። ባጃጁን የሚያቆምበት አጥቶ በየቀኑ የሚቀጣ ሰው ነው። “ሰንሰለቱ የእኔ ነው” አለ። ጎማው የእኔ ነው አለ ሌላው። ወይዘሮ ማዘንጊያ መሐል ገብተው፣ “ሳንቃው የእኔ ነው፤ ለካው እስቲ” አሉት። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ “ኬኛ” አለ፣ የእኛ ነው ለማለት። ልጆቹ ቃሉን ከአፉ ነጠቁት። ኬኛ፣ ኬኛ እያሉ በሸርተቴው ወረዱ። ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ለቀስተኞች ሳይቀሩ ወጥተው ተቀበሏቸው።

ኃላፊው ሊናገር ሞከረ፤ አልተሰማም። ሳቁን መያዝ አቅቶት ሜትሩ እንዲጠቀለል በእጁ አሳየ። ወደ መኪናው ሲመለስ ማቆሚያው ሌላ ቦታ እንደሚፈለግለት ለገቢሳ ነገረው። ገቢሳ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረው። በለቅሶ ማንም እልል ብሎ አያውቅም፤ ወይዘሮ ማዘንጊያ ግን አሉ።

ተራው የአሜን ሆነ። ሳንቃው ላይ ወጥታ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። የሚገፋትን ሰው ፈለገች፤ ከዚያ እናቷን አየች።

“እማዬ፣ ግፊኝ።”

ሊሊሴ ገፍታት አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምትፈራው መውደቋን ነበር። መዳፎቿን የልጅቷ ጀርባ ላይ አድርጋ ገፋቻት። አሜን ርቃ ሄደች፤ ተመለሰች። ሊሊሴ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፣ ትንሽ ያዝ አደረገቻት፣ ከዚያም ለቀቀቻት።