የግራው ገንዳ ዓሦች

...ደግሞ ሊፍት፣ በቃ ዛሬ መብራት የሚጠፋው እኔን ጠብቆ ነው፣ ኦሎምፒያን በሚያህል ቦታ ሕንፃ ገትረው ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፣ አይዞሽ ፍሬሰላም ይመጣል፣ ይላሉ አለቃዬ ዶክተር ወልዱ ከረባታቸውን እያቃኑ፣ እሺ ዶክተር፣ ምን እሺ፣ አየር የለም፣ እማዬ ቅድም ደውላ የነገረችኝ ደግሞ አለ።

ለነዚያም ሰጠኋቸው እኮ ፍሬዬ። ለየትኞቹ እማ? በግራ ላሉት ነዋ፣ አሳዘኑኝ።

አሳዘኗት! ካዛንቺስ፣ ጓሯችን ውስጥ፣ ሁለት ገንዳ፣ የቢሮው ላብራቶሪ ውሃ ስለሌለው እኔ ጀግናዋ ቤት ያመጣኋቸው፣ ሁለቱም ውስጥ አንጀት የሚያቆስል በሽታ ከገባበት ኩሬ የመጡ ቆሮሶ ዓሦች፣ ለቀኞቹ ምግባቸው ላይ ጥሩ ባክቴሪያ፣ በሽታ አምጪውን ከአንጀታቸው ገፍቶ የሚያስወጣ፣ ለግራዎቹ ባዶ ምግብ፣ ልዩነቱ እንዲታይ። ያ ልዩነት ነው ሥራዬ፣ ሌላ ምንም የለኝም። እሷ ግን በሕይወቷ አንዱን አጉርሳ ሌላውን ዝም ብላ አታውቅም፣ የጎረቤት ልጅ እንኳ በሯ ላይ ከቆመ ይጎርሳል፣ እና ያንን እርጎ መሳይ ባክቴሪያ ለሁሉም እኩል አካፈለች፣ ሁሉም ዳኑ፣ እልል በሉ።

ላይ ፎቅ ውጤቴን የሚሰማው ኮሚቴ ይጠብቃል። ያልተሰጣቸውም ድነዋል ካልኩ ባክቴሪያው አይሠራም ማለት ነው፣ ፕሮጀክቱ ዛሬውኑ ይዘጋል፣ ዓሣ አርቢዎቹም ተመልሰው ወደ አንቲባዮቲካቸው። እውነቱን ካወራሁ ደግሞ እናቷ አበላሸችባት እየተባለ ቢሮው በሙሉ ሙድ ይይዛል፣ በእማዬ፣ ልጄ የዓሣ ሐኪም ናት እያለች ሰፈሩን ባዳረሰችው። መውጫ የለም።

ያልታከሙት እንዴት ሆኑ? ይላሉ ዶክተር። እነሱማ፣ ማለቴ... ስልኩ፣ እሷ ናት፣ በዚህች ሳጥን ውስጥ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል፣ ካላነሳሁ ደግሞ ትጨነቃለች፣ አቤት እማ።

ፍሬዬ፣ ቅድም ድምፅሽ ልክ አልነበረም፣ አጠፋሁ እንዴ?

አላጠፋሽም ብዬ ብዘጋው እዚሁ ይቀራል፣ ዶክተርም አይጠረጥሩም፣ ባክቴሪያዬ ግን አብሮ ይቀበራል፣ አጠፋሽ ብላት፣ እወዳታለሁ፣ እንዴት እንደምወዳት፣ አዎ እማ፣ ለግራዎቹ ምንም መስጠት አልነበረብሽም፣ እላለሁ፣ አልኩት፣ ዶክተር ዞር ብለው ያዩኛል፣ እሷ ቀስ ብላ፣

ታዲያ እነዚያ ይሙቱ ብለሽ ነበር?

አዎ እማ። እንዲሞቱ ነበር የተውኳቸው።