ከትርፍራፊ ክር የተነሣ ጥበብ

ጋሽ መሸሻ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ መግባት አልቻሉም። ሽሮ ሜዳ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ሙያ የእጅ ብቻ አይደለም፤ እግር ካልረገጠ ድሩ አይከፈትም። እጃቸው ግን ሥራ መፍታትን እምቢ አለ።

የልጃቸው ሚስት ሮሐ ሹራብ በእጇ እየሠራች ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ለአራሶች ትሸጣለች። አንድ ቀን አማቷ የገዛ ጋቢያቸውን ዘርፍ ተልትለው ሊጨርሱት ሲሉ ደረሰችና፣ የተራረፈ ክር የሞላበት ፌስታልና ሁለት የሹራብ ዘንጎች ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው።

«አባባ፣ ጋቢውን ይማሩልኝና ይኼን ይሞክሩ።»

«እኔ? የሴት ሥራ?»

«ክር ወንድና ሴት አለው እንዴ?»

ጋሽ መሸሻ ዘንጎቹን አነሡ። ብልሃቱ አላስቸገራቸውም። ክሩን ከኋላ አድርገው ሲሠሩ ልሙጥ ይሆናል፤ ወደ ፊት አምጥተው ሲሠሩ ጉብ ይላል። ያስቸገራቸው ትርፍራፊው ነው። ቢጫው ገና ሲጀመር ያልቃል፣ ሮዙ ስንዝር አይሞላም። በቀለም ጥበብ ሊያወጡበት ቢሞክሩ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ሆነ። ልሙጡን ብቻ ሲሠሩ ደግሞ ዳርና ዳሩ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቀለለ። ፈቱት። ሠሩት። መልሰው ፈቱት።

አንድ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የፈረደበትን ቁራጭ ሲዳስሱ፣ በስሕተት የገባች አንዲት ጉብታ አውራ ጣታቸውን ያዘችው። መልሰው ዳሰሷት።

«ቀለሙ ላይ ምን አደከመኝ!» ብለው ጮኹ። ሮሐ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች። «ጥበቡ በጉብታው ይውጣ! ቀለሙ እንደፈለገው ይለዋወጥ!»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላቸው! ዳርና ዳሩን ጉብ ጉብ ሲያደርጉት መጠቅለሉን ተወ። መሐሉ ላይ በሸማ ጠርዝ ሲጥሉት የኖሩትን መስቀልና ሐረግ አስነሡበት። ቢጫው አልቆ አረንጓዴ ይተካል፣ አረንጓዴውን ግራጫ ይከተላል፤ ሐረጉ ግን ሳይበጠስ ይወጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ዘርፉ ብቻ ሲቀረው፣ ረጅም የአንገት ልብስ ሆነ።

ሮሐ ክንዳቸውን ደግፋ ወደ ጥንቱ የሽመና ቤታቸው ወሰደቻቸው። ሸማኔዎቹ የያዙትን ሲያዩ ሣቁ።

«መሸሻ ሹራብ ሠሪ ሆነ በሉኛ!» አሉ ጋሽ ሳቢት። ጎን ለጎን ሆነው ዘመናቸውን አብረው የሸመኑ ናቸው፤ ከሰው ሥራ ላይ እንከን እንጂ ደግ ነገር ሲያወጡ ተሰምተው አያውቁም።

«ዓይንህን ጨፍንና ያዝ» አሏቸው ጋሽ መሸሻ።

ጋሽ ሳቢት እየተሳለቁ ጨፈኑ። ጣታቸው ክሩ ላይ ፈጠን ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ቀስ አለ። ሣቁም ከፊታቸው ጠፋ።

«ይኼ... ያንተ መስቀል አይደለም እንዴ? ያ፣ መሐሉ ክፍት የሆነው?»

መወርወሪያው ሁሉ ቆመ። ሸማኔው ከየጉድጓዱ እየወጣ ከበባቸው፤ አንዱ ይዳስሳል፣ አንዱ ገልብጦ ያያል፣ ሌላው «ደሞ በዘንግ እንዴት ተደርጎ?» ይላል። ለጋሽ መሸሻ ወንበር መጣላቸው። መሐል ተቀምጠው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ሲጠይቋቸው ሲመልሱ፣ ዳሌያቸውን ጭራሽ ረሱት።

በኋላ ሥራቸውን ቢፈልጉ የለም። ጋሽ ሳቢት አንገታቸው ላይ ጠምጥመውት በሩ ጋ ደርሰዋል።

«ኧረ መልስ! ገና አላለቀም!»

«የእንጦጦ ብርድ ሥራህ እስኪያልቅ አይጠብቀኝም» አሉ ጋሽ ሳቢት ዘወር ሳይሉ። «አንተ ሌላ ሥራ።»

ጋሽ መሸሻ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሣቅ አመለጣቸው። ያ ሰውዬ ሳቢት፣ የሌላ ሰው ሥራ ለብሶ!

«ሮሐ!» አሉ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። «ሰምተሻል አይደል? በይ ክር!»