የዩሱፍ ግራ ሌንስ

ግማሽ ሰዓት ነው አለ ደግሞ፣ የባለ ሱቁ የከሊል ግማሽ ሰዓት፣ እሱ ላይኛው መንደር አማቶቹ ቤት ምሳ ላይ ተቀምጦ፣ ከኋላው የሹካና የሳቅ ድምፅ እየተሰማ፣ ያላ ስለሺ፣ ኑስ ሳዓ፣ የዩሱፍን መነጽር ጨርስለትና ሱቁን ቆልፈህ ሂድ፣ መርሲ፣ ብሎ ዘጋው፣ መርሲ፣ በምስጋና እሑድ የሚገዛ ይመስል። ስለሺ ስልኩን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። ቢወረውረው ደስ ባለው። አይወረውርም፣ የዚህን የዐረብ አገር የመኖሪያ ወረቀት ያወጣለት ከሊል ነው፣ ወረቀቱ ላይም የጽዳት ሠራተኛ ይላል እንጂ ሌንስ ሞራጅ አይልም፣ ሌንስ ሞራጅ እሑድ ያርፋል፣ የጽዳት ሠራተኛ ግን የት ያርፋል።

ዘጠኝ ሰዓት። ዝናሽ አሁን ዶራ ድልድዩ ሥር ቆማለች። ሚስቱ። ሐዝሚዬ የሚባል ሰፈር ማዳሟ ቤት እያደረች ትሠራለች፣ በወር አንድ እሑድ ትወጣለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ መገኘት አለባት፣ ስለዚህ ዶራን በአሥር ተኩል ትለቃለች፣ አንዲት ደቂቃ አታሳልፍም። ባለፈው ወር የአንዲት አስተማሪ መነጽር መጣና ሳይሄድ ቀረ። ከዚያ በፊት ባለው ወርም ቀርቷል፣ ምክንያቱን ራሱም ረስቶታል። ዝናሽ በስልክ አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻል ነበር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከቀረህ ማዳሜን እሑድ ብዬ አልለምናትም አለችው፣ ለምን ልዋረድ፣ እዚያው ወጥ ቤት ቁጭ እላለሁ፣ ያኒ፣ ባል እንደሌላት ሴት።

ባል እንደሌላት ሴት።

ሱቁ ካለበት ከፋናር ወደ ዶራ እሑድ የሚወርደው ቫን አንድ ነው፣ ሹፌሩ ዩሱፍ ነው፣ ዩሱፍ ደግሞ ትናንት መነጽሩ ላይ ተቀምጦበታል። ዘጠና ኪሎውን ይዞ። ይኸው፣ ስለሺ እንዲወርድ ዩሱፍ ማየት አለበት፣ ዩሱፍ እንዲያይ ስለሺ መሞረድ አለበት፣ የዩሱፍ መቀመጫ ከስለሺ ትዳር ጋር ምን አገናኘው፣ ግን ተገናኝቷል። ሰውየው የደንበኛ ወንበር ላይ ተንፈላሶ የዱባ ፍሬ ይፈለፍላል፣ ልጣጩን ማን እንደሚጠርገው የታወቀ ነው፣ ያ ስለሺ፣ ይላል፣ ቀስ ብለህ ሥራ ሀቢቢ፣ ያለ መነጽር ባለቤቴ ቆንጆ ሆናብኛለች። ስለሺ አይስቅም። ሌላ ቀን ይስቅ ነበር።

ቀኙ ሌንስ አልቋል። የመነጽሩን ቅርጽ የያዘችውን የፕላስቲክ ፎርማ ማሽኑ ላይ ያስራል፣ ግራውን ያስገባል፣ ድንጋዩ ይዞራል፣ ውኃው ይንጠባጠባል፣ ነጩ ዝቃጭ እጁ ላይ ይረጫል፣ ዘጠኝ ከሃያ፣ ቀይ መብራት ካልያዛቸው በአሥር ደቂቃ ዶራ ናቸው፣ አንድ ሰዓት ሊያገኙ ነው፣ በአንድ ሰዓት ምን ይባላል፣ መጀመሪያ ይቅርታ፣ ይቅርታ ማለት አይችልበትም፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያደገ ሰው፣ ሻይ ይግዛላት፣ ድንጋዩ ጮኸና ቆመ።

ያወጣዋል። ፍሬሙን በሙቅ አየር ያለሰልስና ይጫነዋል፣ ትንሽ ታገለው፣ ገባ። ዩሱፍ አጠለቀው። ዓይኑን አርገበገበ፣ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ስለሺ አየ፣ ትንሽ ያዞረኛል አለ፣ ይለመዳል አይደል፣ ቁልፉንም አነሳ።

ይለመዳል። በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚሉት ቃል ነው፣ ከሊልም እሱም፣ አዲስ መነጽር ሁሉ ያዞራል፣ ሁሉም ይለመዳል።

ግን ፎርማዋ። ማሽኑ ላይ አሁንም እንደታሰረች ያያታል። ለግራ ሌንስ ትገለበጣለች፣ አልገለበጣትም። ግራውን እንደ ቀኝ ሞርዶታል። ፍሬሙ ወደ ክብ የሚያደላ ስለሆነ ነው እምቢ ያላለው፣ የሌንሱ መሃል ግን ወደ አፍንጫ መጠጋት ሲገባው ወደ ጆሮ ሸሽቷል፣ ይህን ያጠለቀን ሰው ለጊዜው ያዞረዋል፣ ዓይኑ ሲደክም አንዱ መኪና ሁለት ይሆንበታል፣ ከፋናር ቁልቁል ደግሞ ስንት መታጠፊያ አለ።

ቀኝ የበሽተኛው ቀኝ ነው፣ ያንተ አይደለም፣ ይል ነበር ሃምሳ አለቃ አዳነ። በጦርነቱ ጊዜ፣ ድንኳን ሆስፒታል፣ ስለሺ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ከገበያ ታፍሶ፣ ጠመንጃ ሳይሆን ጥጥ ስለሰጡት ዕድለኛ የተባለ፣ ከወታደር ዓይን መግል ሲያጥብ የሚውል። አንድ ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ሊቀደድ የመጣ ሰው ነበር፣ ሁለቱም ዓይኑ ታስሯል፣ የሚቀደደው ዓይን ቅንድብ ላይ ፕላስተር ይለጠፋል፣ ስለሺ ለጠፈ፣ ጤነኛው ላይ። አዳነ መጋረጃው ጋ ደርሶ ቆመ። ፕላስተሩን ነቀለ። ከዚያ በጥፊ። የታሰረው ሰው ማን ተመታ አለ። ዝንብ ናት አለ አዳነ፣ ተኛ።

የዚያን ጥፊ ሙቀት እስከ ማታ ጉንጩ ላይ ይዞት ዋለ። ሌላውን አያስበውም። አዳነ መጋረጃው ጋ ባይደርስ ኖሮ የሚለውን አያስበውም።

ዩሱፍ በሩን ከፍቷል። ያላ፣ ያንተዋ ትጠብቅ የለም እንዴ። ስለሺ ይለመዳል ሊል አፉን ይከፍታል።

አውልቀው፣ ይላል።

ምን።

አውልቀው፣ ተሳስቻለሁ፣ እንደገና እሠራዋለሁ። ዩሱፍ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል፣ ሰው አያለሁ እያለ እንዴት አታይም ይባላል፣ ይገርማል፣ ይላል፣ አውልቆ ይሰጠዋል፣ የዱባ ፍሬው ጋ ይመለሳል። መሳቢያው ውስጥ በልኩ የቀረ አንድ ሌንስ ነው። አንድ። እሱን ለመሞረድ አርባ ደቂቃ።

መጀመሪያ ስልክ። ቆንጂት ድልድዩ አጠገብ በርበሬ ትሸጣለች፣ ስልክም ታስደውላለች፣ ዝናሽን ጥሪልኝ ይላታል፣ ቆንጂት ደግሞ፣ ኧረ እባክህ፣ ቆማ ቆማ ሐውልት ልትሆን ነው፣ ትላለች። ከዚያ የዝናሽ ድምፅ፣ አልመጣም ልትል ነው። እመጣለሁ፣ ይላል፣ ዘግይቼ። ያቆየህ ከሊል ነው?

ከሊል ነው ማለት ይቻላል። ሁልጊዜ ከሊል ነው፣ ግማሹም እውነት ነው።

እኔ ነኝ፣ ይላል፣ የሹፌሩን ግራ ሌንስ አበላሽቼው ነው።

በጋብቻቸው ውስጥ እኔ ነኝ ሲል ሰምታው አታውቅም፣ እሱም ራሱን አልሰማም። ሰውየው አውቆብሃል? አላወቀም ነበር። በሱ መኪና ነው የምትመጣው? አዎ። በል በደንብ ሥራው፣ ትላለች፣ እስከ አሥር ተኩል ነኝ፣ ከዚያ ኸላስ፣ በቃ።

ፎርማዋን ይገለብጣል። ሁለት ጊዜ ያያታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ ነበር እናቱ፣ የሚለቀምም ሲገኝ ነው እኮ። ድንጋዩ አይቸኩልም፣ አንተ ብትሞትም በራሱ ፍጥነት ነው የሚበላው፣ አሥር ሰዓት፣ አሥር ከአምስት፣ አሥር ከአሥራ አራት፣ ገባ፣ ጸጥ ብሎ ገባ። ዩሱፍ አጠለቀ። ግድግዳው ላይ ያለውን የዋጋ ዝርዝር እስከ ታች አነበበ። ይህን ያህል ታስከፍላላችሁ እንዴ፣ አለ።

ልጣጩ ይቆየው። ሱቁ ተቆለፈ፣ ቫኑ ተነሣ፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የድሮው መነጽር ልኬት የስምንት ዓመት ነበር፣ ዩሱፍ አሁን ያያል። ያ ስለሺ፣ እዚህ ጋ ገደል ነበር እንዴ? ሁልጊዜም ነበረ። ያ ረቢ፣ በየቀኑ በዚህ ነው የማልፈው። ማርሹን ወደ አንድ ይመልሳል። ሰው ቢሮጥ ይቀድማቸዋል። የኋላው መኪና ጥሩምባውን ተጭኖ አልለቅም አለ፣ ስለሺ ነዳጅ የሚረግጥ ይመስል ወለሉን ይረግጣል፣ ምነው በዚያኛው ሌንስ፣ አይ፣ አይባልም፣ ምን አለ ትንሽ ፈጠን ቢል፣ ትንሽ፣ አሥር ከሃያ ሁለት፣ ዝንብ ናት፣ ተኛ፣ አሥር ከሃያ ስድስት።

ድልድዩ። ሥሩ የሰው ግርግር፣ ለስለሺ ቀለም ብቻ ነው፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር ራስ። ዓይኑን ያጠብባል። የራሱን ዓይን ለክቶ አያውቅም።

ብቻዋን የቆመች አለች፣ ይላል ዩሱፍ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች፣ ያንተ ናት?

ምን ታደርጋለች?

ሰዓቷን ታያለች፣ መንገዱን ታያለች።

ተቆጥታለች?

ዩሱፍ አንገቱን ያሰግጋል። በጣም፣ ይላል።

እሷ ናት፣ ይላል ስለሺ፣ ንዳ።